ጂቡቲ ላይ ጀልባ ውስጥ ለሚከርም ሰው

ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባለው ሰፈራችን ጂቡቲን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሾፌሩ፣ ትራንዚተሩ፣ ነጋዴው፣ ሁሉም ወርዶ ወጥቷል። ጀልባ ላይ ኖሮ የተመለሰ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሥራ የተገኘለት ልጅ ሁሉ "እሱን ጠይቀው" እየተባለ እኔ ጋ ይላካል። ለእያንዳንዱ ከመደጋገም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከህንድ ውቅያኖስ ወደ ሜድትራንያን በሸራ የሚጓዙ ሰዎች በቀይ ባህር ማለፍ አለባቸው። በቀይ ባህር ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከሰሜን ይነፍሳል። ደቡቡ ላይ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ከደቡብ ይመጣና ጀልባን ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ወቅት ያመለጠው ባለጀልባ ጂቡቲ ላይ መልህቁን ጥሎ፣ በአውሮፕላን አገሩ ገብቶ ይጠብቃል። ጀልባ ደግሞ ብቻውን አይተውም። መልህቅ ይንሸራተታል፣ ፓምፕ ይቆማል፣ ባትሪ ይሞታል። ስለዚህ ላዩ ላይ እያደረ የሚጠብቅ ሰው ይቀጠራል። እኔ የሞተር ባለሙያ ነኝ። በትውውቅ ሥራውን አገኘሁና ከግንቦት እስከ መስከረም አንዲት አሥራ ሁለት ሜትር የምትሆን ባለሸራ ጀልባ ላይ ኖርኩ።

ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ቀኑ ነው። "ፀሐዩን እንዴት ቻልከው?" ይሉኛል። ቀኑስ ግድ የለም። ሰው ጥላ ፈልጎ፣ ሥራውን ቀንሶ፣ እየተነጫነጨም ቢሆን ይገፋዋል። የሚጥለው ሌሊቱ ነው። በተከታታይ ጥቂት ሌሊት ካልተኛችሁ ምግብ ያስጠላችኋል፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣላችሁ፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጣችሁ ይጠፋችኋል። አደጋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ጀልባዋ ላይ ማንኛውንም ነገር የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነበር፦ ይሄ ነገር ማታ ያስተኛኛል ወይስ አያስተኛኝም?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ቶሎ አይረዳውም። እዚህ ቀኑ ምንም ያህል ቢያቃጥል ጥላ ስትገቡ ይበርዳችኋል፤ ማታ ጋቢ ይፈለጋል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ደግሞ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በከፍታው ብቻ ከጂቡቲ በ15 ዲግሪ ገደማ እንለያለን ማለት ነው። ጂቡቲ በሐምሌ ቀኑ 40ን ያልፋል፣ ሌሊቱ ደግሞ 30 አካባቢ ላይ ቀጥ ይላል። ጀልባዋ የምትንሳፈፍበት ባህር ራሱ ወደ 30 ዲግሪ ነው። ከላይም ከታችም የሚያቀዘቅዛችሁ ነገር የለም።

ሙቀቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እርጥቡ ነው። አየሩ ውሃ ጠግቧል፤ ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነውና ካልተነነ ከንቱ ነው። ሁለተኛው ካምሲን የሚሉት፣ በሰኔና በነሐሴ መካከል ከበረሃው አቧራ ይዞ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ነው። ያኔ የታጠበ ልብስ ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ደርቋል። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። በካምሲን ጊዜ ነጠላ ውሃ ነክሮ መልበስን የመሰለ ነገር የለም። በእርጥቡ ጊዜ ግን እርጥብ ነጠላ መከራ ላይ መከራ መጨመር ነው፤ የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ አየር ብቻ ነው። ፋንም ቢሆን ወሰን አለው። አየሩ ከገላችሁ በጣም ሲሞቅ ደረቅ ገላ ላይ ፋን መልቀቅ ሙቀት መንፋት ነው። ቀድማችሁ ገላችሁን አርጥቡ።

አሁን ወደ ጥላው ልምጣ። ጀልባዋ ነጭ ፋይበርግላስ ናት። ቢሆንም በሰባት ሰዓት ወለሏ በባዶ እግር አይረገጥም። ተዘግታ ከዋለች ደግሞ ውስጧ መስኮቱን ዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሚኒባስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፀሐይ ወለሉን እንዳትነካው ማድረግ ነው። ከምሰሶው እስከ ኋላ ድረስ ወፍራም ሸራ ዘርጉ። ሸራው ወለሉ ላይ መተኛት የለበትም፤ በመካከል አየር ይለፍ። ከላይ መሸፈን ብቻ ደግሞ አይበቃም። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ትገባለች። የጎን መጋረጃ ያስፈልጋል፤ ጀልባዋ መልህቋ ላይ ስለምትዞር መጋረጃው ከግራ ወደ ቀኝ የሚቀየር ይሁን። ሰማያዊውን የላስቲክ ሸራ እርሱት። ሌሊቱን ሙሉ ሲንኮሻኮሽ ያድራል፣ ብዙም ሳይቆይ በፀሐይ ይበጣጠሳል። ማሰሪያው በአንድ ጉተታ የሚፈታ ይሁን። ነፋስ ድንገት ሲነሳ የተዘረጋው ሸራ ጀልባዋን ይዞ ይጎትታል። በጨለማ ከጠበቀ ቋጠሮ ጋር ስትታገሉ መገኘት የለባችሁም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የማልዘለው ሥራ ነበረኝ። ባልዲ በገመድ አስሬ ከባህር እየቀዳሁ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጥበዋለሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ወለሉ ግን ከእሱ በጣም ይሞቃል። የመጀመሪያው ባልዲ ሲደፋ የጨውና የአቧራ ሽታ ይነሳል፣ የውሃው ጠርዝ እያያችሁት ወደ ውስጥ እየሸሸ ይደርቃል። እየደጋገማችሁ ስትደፉ ውሃው መቆየት ይጀምራል፤ እግራችሁም ለውጡን ያውቀዋል። ይሄን ካላደረጋችሁ ወለሉ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ አልጋችሁ ላይ ሲተፋው ያድራል።

መልህቅ ላይ ያለች ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ ታዞራለች። ይሄ ትልቅ ጸጋ ነው። የፊቱን የጣሪያ መስኮት ክፈቱና ከላዩ በስስ ጨርቅ የተሰፋ የነፋስ መሰብሰቢያ ስቀሉ። የኋላውን በርም ክፍት ተዉት። መግቢያ ብቻ ከፍታችሁ መውጫ ከነፈጋችሁት አየሩ አይገባም። ወደብ ላይ የታሰረች ጀልባ ግን ነፋሱ ከየትም ቢመጣ አትዞርም፤ አጠገቧም ግንብና ትልልቅ መርከብ ነው። መብራትና ውሃ ቅርብ ነው ብላችሁ ወደብ ላይ ትታሰር ከማለታችሁ በፊት አስቡበት። እኔ መልህቁን ነው የመረጥኩት። ከተማ ለመሄድ በትንሿ የጎማ ጀልባ መቅዘፍ ነበረብኝ። ይሁን፣ እንቅልፌን አገኘሁበት።

ብዙውን ሌሊት ያደርኩት ውጭ፣ ሸራው ሥር፣ አጎበር ዘርግቼ ነው። አጎበሩ የግድ ነው። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የመብራት ነገር ሲነሳ ባለጀልባውም ቅጥረኛውም የሚጨነቀው ለፍሪጅ ነው። እስቲ አስሉት። ባለ12 ቮልት ትንሽ ፋን ግማሽ አምፔር ቢበላ ነው። የጀልባ ፍሪጅ ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ አራት አምስት አምፔር ይወስዳል፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ኮምፕሬሰሩ እምብዛም አያርፍም። አንዱ ፍሪጅ የሚበላው ለብዙ ፋን ይበቃል። ሶላሩ ራሱ ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይባላል። እኔ ፍሪጁን አጥፍቼ ፋኖቹን አኖርኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲያምረኝ ከተማ ወጥቼ እጠጣለሁ። ሞተር አስነስታችሁ ባትሪ መሙላት ካለባችሁ ጎህ ሲቀድ አድርጉት። የሞተር ብረት አንዴ ከጋለ ለሰዓታት ጓዳውን ሲያሞቅ ይቆያል፤ ማታ ያስነሳ ሰው ምድጃ አጠገብ ሊተኛ ነው። (ሞተር ካነሳሁ አይቀር፦ የማቀዝቀዣው ውሃ በጭስ ማውጫው እየወጣ መሆኑን ሳታዩ ዞር አትበሉ። ሞቃት ባህር ውስጥ ዛጎሉ ቶሎ ያድጋል፣ ፌስታሉም አይጠፋም። መግቢያውን ይደፍኑታል።)

ጨው ሌላው የእንቅልፍ ጠላት ነው። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። የባህር ውሃ ነክቶት የደረቀ አንሶላ ማታ ማታ ይረጥባል፤ በጣታችሁ ስታሹት ይንሸራተታል እንጂ አይሻክርም። የተኛ ሰው ገላም ሽፍ ይላል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ከመጠጥ ቀጥሎ የሚሰጠው ለአንሶላና ለገላ ማለቅለቂያ ነው። በባህር ውሃ ታጠቡ። ተራ ደረቅ ሳሙና አረፋ አያወጣም፤ ሻምፑ ወይም ላርጎ ዓይነት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይሠራል። ከዚያ በአንድ ሁለት ጆግ ንጹሕ ውሃ ጨውን አውርዱ። እግራችሁን ሳትለቀልቁ አልጋ ላይ አትውጡ። ጭረትም ቢሆን አትናቁ፤ እዚያ ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል።

ሰፈራችን ውስጥ በጊዜያቸው ምጽዋ ያገለገሉ የባህር ኃይል ጡረተኛ አሉ። ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ገባሁ።

"ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?" አልኳቸው።

"ሳይጠማህ ጠጣ። ጥማት ዘግይቶ ነው የሚመጣው" አሉኝ። "የሽንትህን መልክም እይ። ጠቆር ካለ ሥራ አቁም፣ ጀግና ልሁን አትበል።"

ከዚህ የተሻለ ምክር ከማንም አልሰማሁም። የምጨምረው ትንሽ ነው። ብዙ ካላባችሁ ውሃ ብቻ አይበቃም፣ ጨውም ወጥቷል። ኦአርኤስ ከዚህ ያዙ። ካለቀባችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። መጠኑን ጠብቁ፤ ጨው ማብዛት ይጎዳል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ሳምንት ደግሞ ለሰውነታችሁ ስጡት። በዚያ ጊዜ ሰውነት ይማራል። ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልብ ምት ይረጋጋል። በእነዚያ ቀናት ከባድ ሥራ አትጀምሩ። እየለመዳችሁ ስትሄዱ ከ11 ሰዓት ንጋት እስከ ረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት ሥሩ፣ ከዚያ በቃ። ከተማውም ቢሆን ቀትር ላይ ዘግቶ ይተኛል። እነሱ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም።

ብቻውን የሚኖር ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል ሲመጣ ጥላ ውስጥ ተኝቶ መጠጣትና ገላን ማርጠብ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ሰው መዘባረቅ፣ መንገዳገድ ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ይገድላል። መላ ገላውን ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡ፣ በጀልባዋ ሬዲዮ የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 እርዳታ ጥሩ። እንዲህ የሆነ ሰው ራሱን አያውቅም። ለዚህ ነው አጠገቤ መልህቅ ከጣለ ሌላ ጠባቂ ጋር ጠዋትና ማታ እጅ ለመነሳሳት የተስማማነው። አንዱ ካልታየ ሌላው ይቀዝፋል።

ምግብን በተመለከተ የኛን ስንቅ የሚያህል የለም። እናቴ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ጭኮ አስይዛኝ ነበር። "ባህር ላይ ምን ትበላለህ ልጄ?" እያለች። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ጀልባ ውስጥ እሳት ያልነካ ምግብ ማለት ያልሞቀ መኝታ ማለት ነው። ምሳዬ በሶ ነበር፣ በውሃ በጥብጬ፣ ጨው ጣል አድርጌ። እንጀራ ጂቡቲ ከተማ ሞልቷል፤ ግን በዚያ እርጥበት ቶሎ ይሻግታል፣ ለዕለቱ ብቻ ግዙ። ድርቆሽ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ካስቀመጣችሁት ይከርማል። በርበሬና ሽሮም እንዲሁ፤ ያለበለዚያ በርበሬው ይጓጉላል፣ ሽሮው ይነቅዛል። የሚበስል ነገር ካለ ጎህ ሲቀድ አብስሉና ሻዩን በፔርሙዝ አኑሩ።

ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት የሚያምረው ሰው አለ። ተዉት። ጋዙን ራሱ ፍሩት። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቤት ውስጥ ቢያመልጥ በበር ሥር ይወጣ ይሆናል፤ ጀልባ ግን ሳህን ናትና ጋዙ ወለሉ ሥር ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል። ምድጃውን በዘጋችሁ ቁጥር ሲሊንደሩንም ዝጉ።

ጫት የሚቅሙ ወዳጆች ታገኛላችሁ፣ ግብዣውም ከልብ ነው። የራሳችሁ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ከሰዓት የቃመ ሰው ሌሊት ምን እንደሚሆን ስላየሁ ቁጭ ብዬ መጫወት እንጂ ቅጠሉን አልነካሁም። ቡናም ከቀትር በኋላ ትቼ ነበር፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ጥላው ሸራ አለ ወይ፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ፋን ስንት አለ? የመጠጥ ውሃ በማን ወጪ? በሳምንት ስንት ቀን መውረድ ይቻላል? ቢታመሙ ሐኪም ማን ይከፍላል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። እኔ ያለ ሁለት ፋን ሥራውን አልጀምርም ብዬ ነበር። ፈረንጁ ሳቀ፣ ግን ገዛ።

ወደ አገር ቤት መመለሻው ሲቃረብ ልብ ቀድሞ ይሳፈራል። ያን ጊዜ ነው ቸኩሎ መሰላል የሚሳት። ማስረከቢያውን ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ምግቡን አውጡ፣ የፍሪጁን በር በጨርቅ አስደግፋችሁ ክፍት ተዉት፣ አለበለዚያ በሻጋታ ይሞላል። ቁም ሳጥኖቹንም ክፍት ተዉ። የባህር ውሃ መግቢያ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ዘግታችሁ የትኛው እንደተዘጋ በወረቀት ጻፉና ሞተሩ ቁልፍ ላይ እሰሩት። የቆዳ ጫማችሁን አስቀድማችሁ እዩት፤ የኔ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ጂቡቲ ካለው ነጋድ ባቡር ጣቢያ ተሳፍሬ ለቡ ስወርድ መስከረም ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጂቡቲ ላይ ሙቀት የለመደ ገላ እዚህ ለጥቂት ጊዜ እንደ ባይተዋር ይንቀጠቀጣል፣ ደረጃ ሲወጣም ትንፋሽ ያጥረዋል። ያልፋል። ሙቀት መልመዱም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ድጋሚ የሚወርድ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

የማያልፈው ትኩሳት ነው። አጎበሩን የግድ ያልኩት ለዚህ ነው። ጂቡቲ በ2012 አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ተገኝታባታለች። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ባልዲ፣ ጀሪካን ውስጥ፣ ከተማ መሃል ትራባለች። በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ገብታለች፤ ድሬዳዋ ታውቃታለች። ጀልባ ላይ ደግሞ ክፍት ባልዲ፣ የጎማ ጀልባው ሆድ ውስጥ የቀረ ውሃ፣ የሸራ እጥፋት አይጠፋም። ንጹሕ ውሃ የቋጠረ ነገር ሁሉ በየሳምንቱ ይደፋ።

አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ወባ ስለማታስቸግራት እዚህ ትኩሳት ሲነሳ የሁሉም አፍ ላይ የሚመጣው ታይፎይድ ነው። ከጂቡቲ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከያዛችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም "ከጂቡቲ ነው የመጣሁት፣ የወባ ምርመራ ይታዘዝልኝ" በሉ። አንዱ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ገና ወይም ጥምቀት ደርሶ ቢያተኩሳችሁም ይሄንኑ ንገሩት።